የለጋምቦ ደጋ ትንሿ አበባ፦ የወሎ የጉዞ ማስታወሻ

ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ሥር ባለው ግቢዬ የዱር ክሮከስ አበቅላለሁ። ክሮከስ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ አፈር ውስጥ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ያላት አበባ ናት። ውዱ ቅመም ሳፍሮን የሚገኘው ከአንዷ ዝርያ ነው። የሳፍሮኗ ዝርያ ዘር አትሰጥም፤ ሰው ራሷን እየከፋፈለ ነው የሚያራባት። የዱር ዘመዶቿ ግን ከሜዲትራኒያን ዙሪያ እስከ መካከለኛው እስያ በየተራራው አሉ። በተለይ ቱርክ ብዙ ዓይነት አላት። አንዳንዶቹ ከአንድ ተራራ በቀር የትም የሉም፤ እኔንም የሚስቡኝ እነሱ ናቸው።

እዚህ ቅጠል ያወጣሉ፤ አበባ ላይ ግን ይሰስታሉ። አብዛኞቹ ሳምንታት የሚቆይ ጠንካራ ብርድ ካላገኙ አያብቡም። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ራሳችን ደጋ ዞር አልኩ። እዚህም ክሮከስ የምትመስል የዱር አበባ አለች። ኮልቺከም ሺምፔሪያነም ትባላለች፤ በቆዩ መጻሕፍት መረንዴራ ተብላ ትገኛለች። ስሟ የመጣው ከዊልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ሲሆን፣ ትግራይ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ አርፏል። አበባዋን በሥዕልና በደረቅ ናሙና አይቻታለሁ። በቁሟ፣ ከነአፈሯ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድን የዱር አበባ ግቢ ውስጥ ለማብቀል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ቤቷ ሄዶ ይያት ባይ ነኝ። የምትኖርበትን አፈር፣ ውኃው የሚሄድበትን መንገድ፣ ከጎኗ የሚበቅለውን ሣር አይቶ መመለስ አለበት። የ2012 መስቀል እንዳለፈ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ወሎ ተነሳን።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ

ከላም በረት መናኸሪያ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ትኬቱ ለአንድ ሰው 320 ብር ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፈን በወዲያኛው በኩል ብቅ ስንል ፀሐይ ነበር። ደብረ ሲና ላይ እንደ ወጉ ቆሎ ገዛን፤ አንዱ ላስቲክ 10 ብር። ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲያ ሙቀት ነው። ጃኬት ማውለቅ፣ መስኮት መክፈት፣ በመስኮቱ ምክንያት ከኋላ ከተቀመጡት ጋር መነታረክ። አጣዬን አልፈን ከሚሴ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ሲወርድ ጥርሱ ያለቀ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ በባጃጅ ከሚሴ ሄዶ ሌላ ጎማ ይዞ እስኪመጣ ፀሐዩ ከአናታችን አዘቀዘቀ። ሰው ሁሉ ግራር ሥር ተሰበሰበ። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው አምባሻ አውጥተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ቆረሱ። እኔም ቆሎ ባለማስተረፉ ወንድሜን ወቀስኩት።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት የወጣነው በጨለማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ልዩነቱን ሰውነት ያውቀዋል። ያወለቅነውን ጃኬት መልሰን ለበስን።

ፒያሳ አካባቢ በ350 ብር አልጋ ያዝን። ሙቅ ውኃ አለ ተብለን ነበር፤ ቧንቧው ሲከፈት የወጣው የጦሳ ተራራ ውኃ ነው። ልጅቷ ሳንጠይቃት በባልዲ የፈላ ውኃ ይዛ መጣች። «አብሽሩ፣ ነገ ይሠራል» አለች። በነጋታውም አልሠራም፤ ባልዲው ግን በሰዓቱ መጣ።

መስከረም 21፣ ረቡዕ፦ ደሴና ገራዶ

ደሴ ውስጥ አንድ ቀን መቆየታችን ከጎማው በኋላ ለማረፍ ብቻ አይደለም። ከከተማዋ ወደ ገራዶ የሚወርደውን ገደል ማየት ፈልጌ ነበር። ባጃጅ በ250 ብር ደርሶ መልስ ተኮናተርን። ሹፌሩ ወጣት ነው። «እዚያ ምን አለ?» አለኝ። «አበባ» ስለው ኩርባው ላይ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑን መንገዱ ላይ እንዲያደርግ ወንድሜ ለመነው።

ውኃ በሚንጠባጠብበት ዓለት ላይ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ጥቂት ነጫጭ አበቦች ቀርተዋል። ወንድሜ በካሜራው አቅርቦ አሳየኝ። ስድስት የአበባ ቅጠል አላት፤ ነጭ ሆና ጉሮሮዋ ላይ የጠቆረ ሐምራዊ ምልክት አለባት። አንገቷ ረጅም ነው፤ አበባዋ ወደ ታች አቀርቅራለች። ግላዲዮለስ ሙሪየላ ናት። ይህች የምሥራቅ አፍሪካ፣ የኛም ደጋ ልጅ ነች። አውሮፓ ውስጥ አትክልተኞች በየዓመቱ ራሷን በርካሽ ገዝተው ይተክላሉ። የሆላንድ አምራቾች በብዛት ያራቧታል፤ ብዙዎች አሁንም አሲዳንቴራ በሚለው የድሮ ስሟ ያውቋታል። መልካም ሽታ አላት፤ ሲመሽ ደግሞ ይበረታል።

ከሰዓት በኋላ ደሴ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰው ጋ ጠየቅኩ። ጽጌረዳ አለ፤ ጄራኒየም አለ፤ ለአጥር የሚሆን ነገር ሁሉ አለ። ችግኙ ከ25 ብር ይጀምር ነበር። ከገደሉ የመጣ ግን አንድም የለም። «ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ፎቶውን ሳሳየው ስልኬን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «ይቺ እዚህ ነው ያለችው? እዚሁ ገራዶ?» እያለ ደጋገመ። ባዕድ አገር የሚሸጥ አበባ ገደላችን ላይ በቅሎ የኛ ችግኝ ሻጭ አለማወቁ አሳዝኖኛል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ማንም አላሳየውም።

ረቡዕ ስለሆነ ምሳችን የጦም ነው። የሱፍ ፍትፍት በላን፤ 45 ብር። ሱፍና ሳፍሮን በዓለም ገበያ የቆየ ታሪክ አላቸው። የሱፍ አበባ ቀይና ብርቱካናማ ክሮች ከሳፍሮን ክር ጋር ስለሚመሳሰሉ አጭበርባሪ ነጋዴዎች ይቀላቅሏቸዋል። መለየቱ ከባድ አይደለም። የሳፍሮን ክር አንዱ ጫፉ እንደ ጥሩምባ ሰፋ ይላል፤ የሱፉ ጫፍ ግን የተሰነጣጠቀ ነው። የሱፍ ፍትፍቱ ግን እንኳን ሳፍሮን ምንም ቅመም አያስፈልገውም። የደሴው ከአዲስ አበባው ወፈር ያለ ነው፤ ቃሪያውም አይምርም።

መስከረም 22፣ ሐሙስ፦ ከደሴ አቀስታ

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ ጠበቅን። ለሰው 75 ብር፤ ለሻንጣችን ደግሞ ሌላ 20 ተጠየቅን። ተከራክረን 10 ከፈልን። ሻንጣው ጣራ ላይ ተጫነ። ሸራ አልብሰው ብዬ ነበር፤ ረዳቱ «አይዘንብም» አለ።

ጉጉፍቱ ላይ ዘነበ። ዝናብ ብቻም አይደለም፤ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ነው። እዚያ ያለው ብርድ በልብስ አይመከትም። ሰው ሁሉ ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መንገደኛ ሁሉ ወርዶ ሻይ ቤት ገባ። ሻዩ 5 ብር ነበር፤ ከጎኑ የገብስ ዳቦ አለ፤ ጥቁር፣ ደረቅ ያለ፣ ከእሳት ገና የወጣ። እንደዚያ የጣመኝ ዳቦ ትዝ አይለኝም። ያ ዳገት ከሽሮ ሜዳ ጋር ምንም አይገናኝም። እንጦጦ ላይ ሽቅብ ስታይ ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ ዙሪያው ገላጣ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ጉም፣ አልፎ አልፎ ጅብራ።

የለጋምቦ ወረዳ ከተማ አቀስታ ስንደርስ ሻንጣው ውስጥ የደረቀ ካልሲ አልነበረም። የሥራ ባልደረባዬ አጎት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቤታቸው በቅሎ ይዘው ሊቀበሉን መጥተዋል። «አያ» ነው የምንላቸው፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። በቅሎዋን ለሻንጣው ሰጥተን እኛ በእግር ወጣን። ትንፋሼ ሲያጥረኝ አያ ቆም እያሉ ስለ አጎራባቾቻቸው ያጫውቱኛል። ለትንፋሼ ጊዜ ሊሰጡኝ እንደሆነ ገባኝ፤ አመሰገንኳቸው።

ቤቱ ውስጥ እሳት ነደደ። እርጎ ቀረበ፤ ከዚያ ቅንጬ በቅቤ። የቤቱ እመቤት የረጠበውን ልብሳችንን ገመድ ላይ ሰቅለው ጭሱ ዳር አደረጉት። እስከ ዛሬ ጃኬቴ የወይራ ጭስ ይሸታል። ቡናው ሲፈላ አያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለመንገዳችን፣ ለአዝመራው፣ ለአገሩ። ሁላችንም «አሚን» አልን። አቦሉ ወርዶ ቶናው ሳይደርስ ወንድሜ ተኛ። ሌሊት የለበስነው ባና ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ የሚከብድ፣ ላብ የሚያስወጣ ነው። ውጪ ግን ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ አደረ።

መስከረም 23፣ ዓርብ፦ ከአያ ማሳ በላይ

የመጣንለት ቀን ይህ ነው።

ቁርስ የባቄላ ንፍሮና ቆሎ ነበር። ዓርብ መሆኑን እመቤቲቱ አስታውሰው ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተው ሠሩልን፤ እኛ ገና አፋችንን ሳንከፍት። ከዚያ ከአያ የልጅ ልጅ ጋር ከማሳው በላይ ወዳለው ግጦሽ ወጣን። ልጁ እረኛ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል ሳሳየው አንዴ ብቻ አየ። «የጅብ ሽንኩርት ነው። በጎቹ አይበሉትም። እዚያ ማዶ ሞልቷል» አለና ሮጠ። ወሎም ሆነ ሌላ ቦታ ከአፈር ውስጥ ራስ ያለውን ብዙ የዱር ተክል በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። እሱ ግን የትኛዋን እንደምፈልግ ገብቶታል።

ቦታው ጭንጫ ነው። ከዓለቱ በላይ ያለው አፈር ከስንዝር አይበልጥም። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያቁራል፤ በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ሣሩን በጎች ነጭተው ነጭተው መሬት ላይ አጣብቀውታል። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ልጁ ጠቆመኝ። እግሬ አጠገብ ነበረች።

ተንበረከክሁ። አብዛኞቹ አበባቸውን ጨርሰዋል፤ ጉድባው ዳር፣ ጥላ በሚቆይበት በኩል ግን የዘገዩ አሉ። ነጣ ያለ ሮዝ ቀለም፣ ስድስት ጠባብ የአበባ ቅጠል፤ ግንድ የላትም፣ በቀጥታ ከመሬት ነው የወጣችው። ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። ክሮከስ ብናኝ የተሸከሙ ሦስት ክሮች ብቻ አሏት። ይህች ስድስት አላት። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ፤ ወንድሜም ቆጠረ፤ ልጁም ቆጠረ። የክሮከስ አረንጓዴ ቅጠል መሐሉ ላይ ነጭ መሥመር አለው፤ የዚህች የለውም። የክሮከስ የአበባ ቅጠሎች ከታች ተጣብቀው አንድ ቱቦ ይሆናሉ። የዚህች እያንዳንዱ ቅጠል ለየብቻው እስከ አፈር ይወርዳል። ስለዚህ አበባዋ ስታረጅ ትፈርሳለች፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ወደ ጎን ይጋደማሉ። አጠገቧ እንደዚያ የፈረሰች አንዲት ነበረች፤ የቅጠሏ የታችኛው ጫፍ ክር እስኪመስል ቀጥኗል።

ዘመድ አይደሉም። ኑሮ ግን አመሳስሏቸዋል። ሁለቱም ክፉውን ወቅት ከመሬት በታች ተኝተው ያሳልፋሉ። ሁለቱም ዘር የሚሠራውን ክፍል አፈር ውስጥ ደብቀው አበባውን ብቻ ያወጣሉ። በግ ቢረግጠው፣ አመዳይ ቢመታው ዘሩ ከታች ደህና ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬው በቅጠሎቹ መሐል ወደ ላይ ብቅ ይላል። ከዳገቱ ዝቅ ብሎ ቀድመው ያበቡት ፍሬ ይዘው አገኘናቸው። የጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ ቡናማ፣ ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ዘሩ የሚታይ ነው።

በጎቹ የማይበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮልቺከም ዘመዶች ኮልቺሲን የሚባል መርዝ አላቸው። ሐኪሞች በጥንቃቄ ተለክቶ ለሪህ በሽታ ያዝዙታል፤ ልኩ ካለፈ ይገድላል። ለልጁ በደንብ ነገርኩት። «እናውቃለን» አለኝ ረጋ ብሎ፤ «አያቴ ገና ስንድህ ነው የነገሩን።» ግቢ ውስጥ የሚያበቅል ሰው ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት መደብ ማራቅ አለበት። ቅጠሉ ሲታይ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

አያ ከጁምዓ ሲመለሱ ፎቶዎቹን አየን። «ይህን ልታዩ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?» አሉ።

«አዎ አያ።»

«ታዲያ ቆፍራችሁ ውሰዱዋ! መሬቱ የኔ ነው፤ ማን ይከለክላችኋል?»

ቸርነታቸውን እወድላቸዋለሁ። ግን አልቆፍርም አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ከዘር ተነስቶ እስከ አበባ ዓመታት ይፈጃል። አንድ ራስ ስትነቅል እነዚያን ዓመታት ሁሉ ነው የምትነቅለው። ቱርክ ውስጥ ከዱር የተቆፈሩ የአበባ ራሶች ለዓመታት በገፍ ወደ አውሮፓ ሲጫኑ ኖረው፣ ኋላ ተራራው ሲራቆት ነው ኮታ የወጣው። የኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ማሳው በየዓመቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። አያ ራሳቸው በእጃቸው አሳዩኝ፤ ልጅ ሳሉ ግጦሽ የነበረው ዛሬ ገብስ ነው። የቀረላት ማረሻ የማይገባበት ጭንጫ ብቻ ነው።

ዘሩንም ቢሆን ይዤ አልመጣሁም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ከነበረበት ወስዶ መጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ይደነግጋል። ፈቃድ አልነበረኝም። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለምን እዚሁ አናበቅላትም? ለዚች አበባ ከአያ ግቢ የተሻለ ግቢ የት ይገኛል? ብርዱ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ድርቀቱ አለ። የጎደለው አጥር ብቻ ነው።

የአያ ትንሿ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሥራውን የያዘችው እሷ ነች። ወገቡ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት አመጣች፤ ቂጡን በምስማር ቀስ እያለች በሳች። ከወንዙ አሸዋ ቀዳች። አሸዋውን በወንፊት ነፋን፤ ደቃቁን ጣልን፣ ሻካራውን አስቀረን። ከጭንጫው ላይ በእፍኝ አፈር ጨመርንበት። ከሁለት ፍሬ ብቻ ዘር ወሰድን፤ ሌላውን ቦታው ላይ ተውነው። ዘሩ ጥፍር በሚያህል ጥልቀት ተዘራ፤ ከላይ ጠጠር ተበተነበት። ጠጠሩ አረም ይከለክላል፤ ዝናብ ሲመታም አፈሩ እንዳይነሳ ይይዘዋል።

ደብተሯ ላይ የጻፈችው ይህን ነው። ድስቱ በግና ዶሮ በማይደርስበት የአጥር ጥግ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ ይበቃዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውኃ ማጠጣት ይቆማል፤ በጋውን ደርቆ ይተኛል። የመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው ክር የመሰለ አንድ ቅጠል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሣር ነው ብሎ ማንም እንዳይነቅለው። ለሁለት ዓመት አይነካም። ከመጨረሻው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እናቷ ድስቱን ለሌላ ነገር እንዳይወስዱት ነው፤ ከአሁኑ አስጠነቀቀቻቸው።

መስከረም 24 እና 25፦ መካነ ሰላምና ፓርኩ

ከአቀስታ መካነ ሰላም 80 ብር ከፍለን ሄድን። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ሻንጣው ሸራ ለብሷል። መካነ ሰላም ላይ ያደርንበት ቤት አልጋው 200 ብር፣ ቁንጫው በነጻ ነበር። እንቅልፍ የለም፤ ጥብሱ ግን ደሴ ከበላነው ይበልጣል።

እሑድ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ደንቆሮ ጫካ እየተባለ የሚታወቀው እዚሁ ውስጥ ነው። ታች ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ላይ ስትወጣ አስታ ይመጣል፤ ከዚያ ጓሳና ጅብራ። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። ስካውታችን ጠዋት ማልደን ብንመጣ ኖሮ እናይ ነበር አለን፤ ሚኒባሱ ግን የሚነሳው ሲሞላ ነው።

አበባችን ፓርኩ ውስጥ ስለመኖሯ ስካውቱን ጠየቅኩት። ፎቶውን አይቶ ከመንገዱ ጥቂት ወጣ አደረገን። እዚያም አለች፤ እንደ አያ ማሳ ግን አልበዛችም። እዚህ ሣሩ ረጅም ነው፤ ለትንሽ አበባ ብርሃን አይተውላትም። አያ ጋ በጎቹ ሣሩን ስለሚያሳጥሩላት ተመችቷታል። ይህን ባላይ ኖሮ በግ ጠላቷ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። ማረሻ ነው ጠላቷ። እዚያ ፎቶ ብቻ አንስተን ተመለስን።

ከተመለስን በኋላ

መመለሻው ረጅም ቀን ነበር፤ ጎማም አልፈነዳም።

ግቢዬ ስገባ የክሮከሶቼን አደራደር ቀየርኩ። በሸክላ መትከያ የነበሩትን በአሸዋ በተሞላ ሣጥን ውስጥ እስከ አንገታቸው ቀበርኳቸው። እንዲህ ሲሆን ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ብዙ አይዋዥቅም። ከላያቸው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጣራ ሠራሁ። የክሮከስ ራስ በተኛበት ወቅት ውኃ ካገኘ ይበሰብሳል፤ የኛ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ዕረፍታቸው ላይ ነው የሚወርደው። ከእንጦጦ በኩል ነፋሱ በሚገባበት ጥግ አደረግኋቸው፤ ሌሊት የሚቻለውን ያህል ብርድ እንዲያገኙ ነው። አንዳንዶቹ በዚህም ላያብቡ ይችላሉ፤ አገራቸው አይደለምና አልፈርድባቸውም።

የአገራችን የሆኑትን ግን ችላ ማለት አልችልም። ለደሴው ችግኝ ሻጭ የግላዲዮለሷን ፎቶ አሳትሜ በሰው ላክሁለት። ከሕጋዊ አምራች የመጣ ራስ ካገኘ እንደሚሞክር ነግሮኛል፤ እያፈላለግሁለት ነው። የአያ ልጅም ከአቀስታ ደውላ ነበር። አንዲት ዶሮ ድስቱን ጭራበታለች፤ ዘሩ እንዳልወጣ አይታ ጠጠሩን መልሳ፣ ከላዩ የተሰበረ ወንፊት ደፍታበታለች። ዘሩ እስኪበቅል ገና ነው። በሚመጣው ዓመት ከአቀስታ ወደ ደላንታ አልፈን የዚያን ደጋ ጭንጫ እናያለን፤ እሷም ትምህርት ካልጀመረች አብራን ትሄዳለች፤ አያ ፈቅደዋል።